ለታመመ ውሻ መድኃኒት ስለ መስጠት

ስለ በሬና ስለ ላም በሽታ፥ ስለ በግና ስለ ፍየል ክትባት ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለወረዳ ሹማምንት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ውሻ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ውሻ አይታለብም፥ አይታረድም፥ ቀንበርም አይሸከምም፤ ስለዚህ ከሀብት ቍጥር አይገባም። ነገር ግን ሌሊት የነጋዴው ዕቃ፥ የባላገሩም በረት የሚጠበቀው በእርሱ ነው። ደግሞም የእብደትን በሽታ ወደ ሰው ከሚያደርሱት እንስሳት መካከል የሚበልጠው እርሱ ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። እንግዲህ ውሻ ሲታመም የሚደረግለት እንክብካቤ የባለቤቱ ጕዳይ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም።

ነገሩ በጕልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ መርካቶ ነው። መርካቶ በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፥ የተቈረቈረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ገበያው ከአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ ነው። ከእህል በረንዳ እስከ ምናለሽ ተራ፥ ከሸማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ ቀን በሰው ሲጨናነቅ የዋለው መንገድ፥ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ለዘበኛና ለውሻ ይቀራል። የመጋዘኑ ውሻ ባለቤት ነጋዴው ነው ይባላል እንጂ፥ የሚያበላውም የሚያውቀውም ዘበኛው ነው። ምግቡ ከምግብ ቤት የተረፈ ፍርፋሪና ከልኳንዳ የተጣለ አጥንት ነው። ነጋዴው ውሻውን በእጁ አይነካውም። በክርስቲያኑም ቤት ውሻ ከደጅ ነው፤ በእስላሙም ዘንድ የውሻ ለሐጭ የነካው ነገር እንደ ሥርዐቱ ሰባት ጊዜ እስኪታጠብ ድረስ ንጹሕ አይባልም። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት ሰፈር ይህን ልማድ ማቃለል አያስፈልግም፤ ከሕክምናም ጋራ አይጣላም። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን በእንጀራ ተጠቅልሎ ከሩቅ ይወረወራል፤ ውሻውም እንጀራውን በልቶ ክኒኑን ይተፋል፤ ባለቤቱም መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ስለ አሰጣጡ ከማሰቡ በፊት አንድ ነገር አጥብቆ መመርመር ይገባዋል። ይኸውም ውሻው የታመመው በእብደት በሽታ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። ብዙ ሰው ያበደ ውሻ ሲባል ዐይኑ የቀላ፥ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ፥ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው በእርግጥ አለ። ሌላው ግን ጸጥተኛው እብደት ነው። በዚህኛው ውሻው ከጨለማ ጥግ ይተኛል፤ የታች መንጋጋው ይወርዳል፤ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ውኃ ሊጠጣ ፈልጎ መዋጥ ያቅተዋል፤ ኋላም እግሩ ይዝላል። ይህን ያየ ዘበኛ «አጥንት ጕሮሮው ላይ ተሰክቶበታል» ይላል። ማታ ማታ አጥንት ሲቈረጥም የሚያየው ስለ ሆነ ግምቱ እውነት ይመስላል። ከዚያም ርኅራኄው ያታልለዋል፤ አጥንቱን ለማውጣት፥ ወይም ክኒን ለማጕረስ እጁን ወደ ውሻው ጕሮሮ ይሰዳል። ውሻው ባይነክሰውም እንኳ በጣቱ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ለሐጭ ከገባባት ትበቃለች፤ በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ የሚኖረው በለሐጩ ውስጥ ነውና። ይህም ተሐዋሲ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ በለሐጩ ይገኛል።

ስለዚህ መንጋጋው የወረደ፥ መዋጥ የተሳነው፥ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ወይም ሳይከተብ ባለፉት ወራት በማይታወቅ ውሻ የተነከሰ ውሻ በአፉ ምንም ሊሰጠው አይገባም። ሰው ሳይነካው በር ባለው ክፍል ተዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ለያበደ ውሻ የሚሆን ክኒን የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም ቢሆን ማዳን እጅግ የማይሞከር ያህል ነው። በየሰፈሩ «የእብድ ውሻ መድኃኒት» እየተባለ የሚሰጠው ሥርና ቅጠል ብዙ ሰው ክትባት የሚወስድበትን ቀን አሳልፎበት ሞቷል።

የተነከሰ፥ ወይም ቍስሉን ለሐጭ የነካው ሰው ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ አገር ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጊዜው የተከተበ ሰው ይድናል። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ 10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። እስከዚያ ደኅና ከሆነ በነከሰ ጊዜ በሽታው በለሐጩ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ግን ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለ ሆነ፥ ሬሳው ወደ ጕድጓድ ከመጣሉ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ ሐኪሙ ናሙናውን በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይልካል። ራሱን በድንጋይ የሚቀጠቅጥ ሰው ምርመራውንም አብሮ ያጠፋዋል።

የእብደት ምልክት የሌለበት ውሻ፥ ማለት ቍስል፥ እከክ፥ ተቅማጥ ወይም ትል ያለበት እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ በክብደቱ ልክ ይታዘዛል። ክብደቱን ለማወቅ በእህል በረንዳ የጆንያ ሚዛን የሌለበት በረንዳ ስለማይገኝ ችግር የለም። አስቀድሞ ሰውየው ብቻውን ይመዘናል፤ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፎ ይመዘናል። ሰውየው 62 ኪሎ፥ ከውሻው ጋራ 84 ኪሎ ቢሆን፥ ውሻው 22 ኪሎ ነው። ለዝርግ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ለ1 ኪሎ 5 ሚሊግራም ስለ ሆነ፥ ለዚህ ውሻ 110 ሚሊግራም ይደርሰዋል ማለት ነው።

በግምት መስጠት የሚያደርሰው ጕዳት ብዙ ነው። ለበሬ የሚሸጠው የአልቤንዳዞል ክኒን 2500 ሚሊግራም አለው፤ እርሱን ሰብሮ ለውሻ ማጕረስ መቅኒውን ሊጐዳው ይችላል። ለከብት በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲንም ለብዙ መቶ ኪሎ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በጠብታ የሚደረገው ስሕተት ለውሻ ትልቅ ነው። ከሰው መድኃኒት ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻውን ጨጓራ ያቈስላሉ፥ ኵላሊቱን ይጐዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ጕበቱንና ደሙን ይጐዳል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን አይሶናያዚድን የውሻ ሰውነት እንደ ሰው አጣርቶ ሊያስወግደው አይችልም፤ ከመደርደሪያ ወድቆ ያገኘውን ጥቂት ክኒን የበላ ውሻ እየተንቀጠቀጠ ይሞታል።

አሁን ወደ አሰጣጡ እንመለስ። ከሁሉ የሚቀለው በምግብ መሸሸግ ነው፤ ይህም የሚሆነው ውሻው ምግብ የሚበላ እንደ ሆነ ነው። ጠዋት ሳይበላ፥ በራብ ሰዓት ይሁን። ጨውና ቅመም ያልነካው ትንሽ ሥጋ በሦስት ይቈረጣል፤ መጠኑ ሳያኝክ የሚውጠው ያህል ይሁን። የፊተኛው ባዶውን ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው ክኒኑ ይገባል፤ እርሱን ሳይጨርስ ሦስተኛውን በዐይኑ ፊት ማሳየት ነው። ውሻ የሚመጣውን ጕርሻ ለመያዝ ሲቸኵል በአፉ ያለውን ይውጣል፤ የዘዴው ኀይል በዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን በመላው ምግብ ላይ መበተን ግን ዋጋ የለውም፤ ግማሹን ከተወው ስንት እንደ ወሰደ አይታወቅም።

በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሲዘጋ ዘበኛው የእጁን ምግብ፥ ሽሮ የነካውን እንጀራ ለውሻው ማካፈሉ የተለመደ ነው። ክኒን ለመሸሸግ ግን ይህ አይሆንም። ቀይ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት፥ ተቀቅለውም ቢሆን፥ የውሻን ደም ያበላሻሉ፤ በሽታ ያደከመውን ውሻ ደግሞ ይልቅ ይጐዱታል። በርበሬውም ሆዱን ያቃጥለዋል። በዚህ ጊዜ ከእስላም ልኳንዳ ጥቂት ሥጋ መግዛት፥ ወይም የተቀቀለ እንቍላል ወይም ጨው የሌለበት ቅቤ መጠቀም ይሻላል። ወተት ለብዙ መድኃኒት ምንም አያደርግም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊንና መሰሎቹን ግን ይይዛቸዋልና ከእነርሱ ጋራ አይሰጥም። ሽፋን ያለውን ክኒን መፍጨትም አይገባም፤ ምሬቱ ይወጣል፥ አንዳንዱም በጨጓራ ይበላሻል።

ምግብ እንቢ ያለ ውሻ በእጅ ይሰጠዋል። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ፥ ውሻው የሚያውቀው፥ ከጎኑ ሆኖ አንገቱን በገመድና በክንዱ ይይዛል፤ የሚቈጣ እንደ ሆነ ገላውን በጋቢ መጠቅለል ያበርደዋል። ጀርባው ወደ ግድግዳ ይሁን፥ እንዳያፈገፍግ። ሁለተኛው ጓንት አድርጎ ግራ እጁን ከላይ በአፍንጫው ድልድይ ላይ ያሳርፋል፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከረዣዥሞቹ ጥርሶች በስተኋላ ይገባሉ። ራሱን በጥቂቱ ቀና ሲያደርገው የታች መንጋጋው ራሱ ይላላል። በዚያን ጊዜ ቀኝ እጁ ክኒኑን ከምላሱ በስተኋላ፥ መካከል ላይ ያኖራል እንጂ ከምላሱ ጫፍ አይጥለውም። አፉን ዘግቶ ጕሮሮውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ ያሻል። ውሻው አፍንጫውን በላሰ ጊዜ ውጧል። ቀጥሎ ጥቂት ውኃ ወይም አንድ ጕርሻ ይሰጠዋል፤ በደረቁ የተዋጠ ክኒን በጕሮሮ ተጣብቆ ያቈስላልና። ከዚህ በኋላ ቶሎ አይለቀቅ፤ ክኒኑን በጕንጩ ይዞ ከጆንያው ሥር የሚተፋ ውሻ ብዙ ነው። ጆንያውን ማንሣት ደቂቃም አይፈጅም፥ ሆኖም ማንም አያደርገውም።

ፈሳሽ መድኃኒት የሚሰጠው እንደ ከብቱ አይደለም። ባላገር በሬውን አንገቱን ቀና አድርጎ በጠርሙስ ያጋተዋል፤ ውሻን እንዲህ ማድረግ መድኃኒቱን ወደ ሳንባው ያወርድበታል፥ ከበሽታውም ይልቅ ይህ ይገድለዋል። መርፌው የወለቀ ስሪንጅ ከአፉ ጎን በጕንጩና በጥርሱ መካከል ይገባል፤ ራሱ እንደ ተፈጥሮው ቀጥ ብሎ ሳለ ጥቂት ጥቂት ይፈስስለታል፤ በየመካከሉ እስኪውጥ ይጠበቃል። ካሳለ ወዲያው ማቆም ነው።

የትል ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ የሚያገኘው የኮሶ ትል አንድ ነው፤ ውሻ የሚያገኘው ሌላ ነው። የውሻው ትል ከ7 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሲሆን፥ ሰው በእጁ ወይም በአትክልት እንቍላሉን የዋጠ እንደ ሆነ በጕበቱና በሳንባው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ውሻው ይህን የሚያገኘው ከረጢት ያለበትን የበግ ወይም የከብት ሳንባና ጕበት ሲበላ ነው። በቄራ የሥጋ መርማሪ ይህን አይቶ ያስወግዳል፤ በፋሲካና በዐረፋ በየግቢው ሲታረድ ግን መርማሪ የለምና ሳንባው ለውሻ ይወረወራል። እንዲህ ባለበት ስፍራ ፕራዚኳንቴል በየ6 ሳምንቱ ይሰጣል፤ ትሉ እንቍላል ለመጣል ይህን ያህል ጊዜ ይወስድበታልና። ኮሶ ለውሻ የተመጠነ ልክ ስለሌለው በእርሱ አይተካም።

በመርካቶ ልዩ ችግር የሚሆነው ዘበኛ ሲለወጥ ነው። ሌባ ለውሻ ሥጋ መወርወሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ጠንቃቃ ዘበኛ ውሻውን ከሌላ ሰው እጅ እንዳይበላ ያለምደዋል። በከተማው በልዩ ልዩ ጊዜ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት የተመረዘ ሥጋ ተጥሎ ስለ ነበረ፥ ይህ ልማድ ውሻውን ከዚያም ያድነዋል። ነገር ግን ያ ዘበኛ የሄደ ዕለት ውሻው ከማንም እጅ መድኃኒት አይቀበልም። ስለዚህ ገና በጤናው ሳለ ሁለት ሰው እንዲያበላው፥ አፉንም አልፎ አልፎ ባዶውን እየከፈቱ በጕርሻ እንዲያለምዱት ያስፈልጋል። ደግሞም የ7 ቀን መድኃኒት የታዘዘለት ውሻ በ3ኛው ቀን መጮኽ ሲጀምር መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ይህን የሚከላከለው በመጋዘኑ በር ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ሰቅሎ የሰጠው ሰው እንዲፈርም ማድረግ ነው።

የወረዳ ሹማምንት ፈንታ ክትባቱ ነው። በአዲስ አበባ የውሻ እብደት በይፋ ተመዝግቦ የሚገኘው ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ሲታወቅ ሰው ከተነከሰ በኋላ ብቻ ማስታወቂያ መለጠፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ነው። ከ100 ውሾች 70ው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። በመርዝ ማጥፋት ግን የተከተበውንም ካልተከተበው ሳይለይ ይገድላል፤ በባዶው ስፍራም ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታል። በመርካቶ ለክትባት የሚመቸው እሑድ ጠዋት፥ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ጥሪው ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለዘበኛው ይድረስ፤ ገመዱን የሚይዘው እርሱ ነውና። ቡችሎችም፥ ገና ናቸው ተብለው ሳይተዉ፥ አብረው ይቅረቡ።