መዋጮና ይሉኝታ

ውድ እኅቶች፣ እዚህ ሀደት እሑድ እሑድ ልጆቻችሁን ፊደል የምታስቆጥረው መምህርት ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት። እናቶችም አራስ ለመጠየቅ መዋጮ ጀምራችኋል። ደግ ሐሳብ ነው። እርሷም እንደ እናንተ ሰው ቤት ሠርታ አዳሪ ናት፤ በ1946 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ ስጦታው የገንፎና የዳይፐር ዋጋ ነው።

ነገር ግን «ከእያንዳንዷ 20 ዶላር» ተብሎ የስም ዝርዝር ሲዞር፣ ደመወዟ የተያዘባት አንዲት እናት አፍራ ልጇን ሁለት እሑድ አላመጣችም። ለመምህርቷ የተዋጣው ገንዘብ ተማሪዋን አስቀረ።

በማርቆስ ወንጌል 12፥41-44 ጌታ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከባለጠጎቹ አብልጦ ቆጠራት። ልብ በሉ፤ መጠኑን የወሰነላት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ፦
1ኛ/ መጠን አንወስን።
2ኛ/ ስም ሳንጽፍ በፖስታ እንሰብስብ፤ ቆጠራውን ሁለት ሰዎች አብረው ያድርጉት።
3ኛ/ ገንዘብ ያልያዘች ገንፎ ታገንፋ ወይም የአራሷን ልብስ ትጠብ። ካርዱ ላይ የሁሉም ልጆች ስም እኩል ይጻፍ።

ለውይይት፦ በመዋጮ አፍራ የቀረች እኅት ታውቃላችሁ? ማን ሄዶ ይጥራት?