የዮሴፍ ሜሪክ ሁለት ፎቶግራፎች

ልጆች ሆይ፤ ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲል የሚያደርገውን አይታችኋል። ፊቱን ይታጠባል፥ ጠጉሩን ያበጥራል፥ ካለው ልብስ የተሻለውን ይለብሳል። ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ እንዲያከብረው ይወዳልና። ዮሴፍ ሜሪክ ግን በመጀመሪያ ፎቶግራፍ የተነሣው እንደዚህ ሆኖ አልነበረም።

ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር ሌስተር በሚባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ሰውነቱ ያለ ልክ ያድግ ጀመር። ራሱ ገዘፈ፥ ቀኝ እጁ አበጠ፥ ቆዳውም ተንጠለጠለ፤ ግራ እጁ ብቻ ደኅና ነበረ። እናቱ እርሱን ፀንሳ ሳለች ዝሆን ስላስደነገጣት ነው እየተባለ ይወራ ነበር፤ እርሱም ራሱ ይህን ያምን ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በብዙ አገር ይነገራል፥ ግን ሐሰት ነው። ነገሩ የአጥንትና የቆዳ ደዌ ነበረ እንጂ፤ ከሰውም ወደ ሰው አይጋባም።

እናቱ በ1873 ሞተችበት። በየቤቱ እየዞረ ዕቃ ለመሸጥ ሞከረ፤ ሰዎች ግን እርሱን አይተው ይደነግጡ፥ በመንገድም ተሰብስበው ይከተሉት ነበር። በድሆች መጠጊያ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፥ በ1884 «የዝሆን ሰው» ተብሎ ገንዘብ ለሚከፍል ሁሉ ይታይ ጀመር። ይህንም ራሱ ፈቀደ፤ ሌላ እንጀራ አላገኘምና።

በሎንዶን ፍሬድሪክ ትሪቭስ የሚባል ሐኪም አየው። ሜሪክ አፉ ስላበጠ ንግግሩ በግልጥ አይሰማም ነበርና፥ ሐኪሙ አእምሮ የሌለው ሰው መሰለው። በ1886 ሜሪክ በቤልጅግ አገር ገንዘቡን ተዘርፎ ወደ ሎንዶን ተመለሰ። በባቡር ጣቢያ ሕዝብ ከበበው። ፖሊሶች የትሪቭስ ስም ያለበትን ካርድ በእጁ ቢያገኙ ሐኪሙን አስጠሩት፤ እርሱም ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። የሐኪም ቤቱ አለቃ ካር ጎም ታይምስ ለሚባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሕዝቡም ለመኖሪያው የሚበቃ ገንዘብ አዋጣ።

በዚያም ሐኪሞች ለትምህርታቸው ሲሉ ራቁቱን አቁመው ፎቶግራፍ አነሡት። ይህ ለሕክምና ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያን ሥዕል የሚያይ ሰው ደዌውን እንጂ ሜሪክን አያይም። መጽሐፍ ቅዱስንና የጸሎት መጽሐፍን የሚያነብ፥ ከወረቀት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በትዕግሥት የሚሠራ ሰው መሆኑን ሥዕሉ ከቶ አይናገርም። ትሪቭስም ይህን ያወቀው ንግግሩን መስማት ከለመደ በኋላ ነው።

ሐኪሙ በሜሪክ ክፍል መስታወት እንዳይገባ አዘዘ። በ1887 የዌልስ ልዕልት አሌክሳንድራ መጥታ ጎበኘችው። አልሸሸችም፤ እጁን ጨበጠችው። ኋላም ስሟን የጻፈችበትን የራሷን ፎቶግራፍ ላከችለት። ሜሪክ ሥዕሉን ተቀብሎ አለቀሰ፤ እንደ ቅዱስ ነገርም ጠበቀው። መስታወት በሌለበት ክፍል ይህ ፊት ይመለከተው ነበር።

ሜሪክ በ1890 በ27 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1889 ገደማ፥ ሌላ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ወዳጅ ለወዳጁ የሚሰጠው ዓይነት ትንሽ ሥዕል ነው። ራሱ እንደ ቀድሞው ትልቅ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው አንዳች አልሸሸገለትም። ሜሪክ ግን የእሑድ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል።