የሰው ድግስ ለምትሠሪ ልጄ

ልጄ፣ ከሰሃላ ወጥተሽ ሰቆጣ ላይ ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለስብሰባ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ልትከፍቺ መሆኑን እናትሽ አጫወተችኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ከተማ የድግስ ጓዳ ውስጥ፣ ወጥ ሳቁላላ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ፤ የሚጠቅምሽን ያዢ።

1. የጎረቤትን እጅ አትግፊ።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምልሽ፣ ሥራሽ የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በእኛ አገር በዋግ ልጁን የሚድር ሰው ብቻውን አይደግስም። አንዷ ጌሾ ትወቅጣለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አንዷ ዱቄት ተሸክማ ትመጣለች፤ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ይህ ሁሉ ብድር ነው። ነገ የእሷ ልጅ ሲዳር ይመለስላታል። አንቺ ገንዘብ ተቀብለሽ «ሁሉንም እኔ እሠራዋለሁ፣ እናንተ ተቀመጡ» ብለሽ ከገባሽ፣ ለደጋሹ ያቀለልሽለት ይመስልሻል፤ ግን ያቺ ዱቄት ተሸክማ የምትመጣው ጎረቤት ብድሯን የምትመልስበትን ቀን ወሰድሽባት። በማግሥቱ ስምሽን የምታነሣው በክፉ ነው፣ እውነትም አላት።

ስለዚህ ሠርግ ሲመጣልሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው የሰዉን ቁጥር አይሁን። «ጎረቤቶቻችሁ ምን ይሠራሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ጠላውን ለእነሱ ተዪ። ድፎ ዳቦውንም የምትደፋ አክስት አትጠፋምና ለእሷ ተዪላት። አንቺ ከባዱንና አድካሚውን ያዢ፤ ለብዙ ሰው የሚሆነውን ወጥ፣ የመስተንግዶውን ሥርዓት፣ የዕቃውን ማጠብ። እንጀራውንም ቢሆን ሁሉን በራስሽ ምጣድ አትጋግሪ፤ በሰፈሩ ካሉት ሴቶች በገንዘብ ግዢ። ያን ጊዜ ድግሱ የሰፈሩ ሆኖ ይቀራል፣ አንቺም ከሰፈሩ አትወጪም።

ለምግብ ገንዘብ መቀበልን ነውር ነው የሚሉ አዛውንት ያጋጥሙሻል። አትቀየሚያቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ በልቶ መክፈል ያልለመደው መኳንንት ዝር አልል ብሎ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየሄዱ በመብላትና በመክፈል እንዳስለመዱት ይተረካል። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እንዲህ ከሆነ ሰቆጣ ላይ ጊዜ ቢወስድ አይድነቅሽ።

2. እህሉን ከየት እንደምትገዢ እወቂ።

ዋግ አንድ አገር አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ደጋማ ከተማ ናት፤ የአንቺ ሰሃላ ግን ወደ ተከዜ የወረደ ቆላ ነው፣ ማሽላው ያፈራል፣ ፍየሉ ይራባል። ገብሱንና ባቄላውን ከጋዝጊብላና ከደሃና ደጋ ታገኚዋለሽ። ፍየል ከፈለግሽ አበርገሌ ነው፤ ስሙን ከዋግ ውጭ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ማሩን የክረምቱ አበባ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ከቆራጩ እጅ ግዢ፤ ለጥር ሠርግ ጠጅ ያኔ ነው የሚታሰበው። በ2001 ዓ.ም የተከዜ ግድብ ካለቀ ወዲህ ደግሞ የዝቋላና የአበርገሌ ወጣቶች ቆሮሶና አምባዛ እያጠመዱ ያወጣሉ። ከነጋዴ እጅ ከመግዛትሽ በፊት ቀጥታ ከእነሱ ለመግዛት ሞክሪ።

የማሽላን ነገር ለብቻው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የአገርሽ እህል ነው። የሠርግ እንግዳ ነጭ ጤፍ ይጠብቃል፤ የማሽላ እንጀራ ብታቀርቢ የናቅሽው ይመስለዋል። ጥፋቱ የማሽላው አይደለም፣ የጋገሪዋ ነው። የጤፍ እንጀራ ከዋዜማው ቢጋገርም ለስላሳ ሆኖ ያድራል። የማሽላው ግን ካደረ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ማሽላውን በዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ጋግሪ፣ ወይም ከጤፍ ጋር ቀላቅዪው፤ አብሲቱንም በደንብ አብስለሽ መልሺበት። ቆላ የለመድሽው እጅሽ ደግሞ እዚህ እንዳያታልልሽ። ሰሃላ ቶሎ የሚነሣው ሊጥ ሰቆጣ ብርድ ላይ ይዘገያልና በአንድ ቀን ቀደም ብለሽ አቡኪ። ትኩስና ያልኮመጠጠ የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ የበላ ሰው ጤፍ አምጪ አይልሽም።

ዝናብ የቀረበትን ዓመትም አትርሺ። በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናቡ ቀርቶ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ድርቅ ሲመታ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። እንዲህ ባለው ዓመት ለድግስ ሦስት ዓይነት ሥጋ እንዲቀርብ አትገፋፊ። ደጋሹ ሊበደር ሲነሣ «አንድ ዓይነት ወጥ ይበቃል፣ እኔ አሳምሬ እሠራዋለሁ» በዪው። ገቢሽ ይቀንሳል፤ ሰውየው ግን ዕዳ ውስጥ አይገባም።

3. ጾሙን ከእኔ በላይ ጠብቂ።

ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። የጾምና የፍስክ ድስት፣ ጭልፋና ማማሰያ ለየብቻ ይሁን፤ ምልክት አድርጊበት፤ ለሠራተኞችሽም አሳዪያቸው። አንድ ጊዜ ቅቤ የነካው ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ገባ ከተባለ ካህናቱም ምእመኑም ይርቁሻል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ከሚለው ክርክር አትግቢ፤ ደጋሹን ጠይቂ፣ ያለሽን አድርጊ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚጠሩበት ድግስ ከሆነ ለእነሱ የሚሆነውን እነሱ ያረዱትን ሥጋ በራሳቸው ሴት እጅ፣ በራሳቸው ድስት አሠሪ።

የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ነሐሴ 16 ቀን ይገባል፤ ፍልሰታ የሚፈታውም በዚያው ቀን ነው። አሥራ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ በአንድ ጠዋት ሥጋ ይፈልጋል፤ ከየአገሩ የገባው እንግዳም ብዙ ነው። በግና ቅቤ የሚወደደው ያኔ ነውና ከሐምሌ ጀምረሽ ተዋዋዪ።

4. ደብተር ያዢ።

በዚህ ሥራ የሚያከስረው የማይታየው ወጪ ነው። ሥጋውንና ጤፉን ማንም ይቆጥራል። ማገዶውን፣ የተቀዳውን ውኃ፣ የባጃጁን፣ የጨውና የነጭ ሽንኩርቱን፣ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ የራስሽን ቀን ግን አትቆጥሪም፤ ትርፉ የሚሄደው በዚያ ነው። ሁሉን ጻፊ። ከአንድ ኩንታል ጤፍ በአንቺ ምጣድ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ራስሽ ቁጠሪ፤ የሌላ ሰው ቁጥር ለአንቺ ምጣድ አይሠራም።

ውልሽ በወረቀት ይሁን፤ የሰው ብዛት፣ የወጥ ዓይነት፣ በግ ገዢው ማን እንደሆነ፣ የተሰበረ ዕቃ በማን እንደሚከፈል። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ ገበያ አትውጪ። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ጥሩ ሥራ ነው፣ ክፍያው ግን ይዘገያል፤ በእጅሽ ሌላ ገንዘብ ሳይኖር ሁለት ተከታታይ ስብሰባ አትቀበዪ። ለመነሻ ከሆነ መጀመሪያ እቁብ ግቢ። ከዚያ በኋላ ነው የባንክ ብድር። የድሮው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ በቡድን ተደራጅተው የሚበደሩ ሴቶችን ያውቃል። በርበሬሽን በመኸሩ ሲረክስ ግዢ፣ አስፈጭተሽ በደንብ ክደኚ።

«ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ» የሚልሽ ደጋሽ አይዋሽም፤ የሚመጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። በእኛ አገር ሳይጠራ የመጣን መመለስ አይታሰብም። ለዚህ መፍትሔው ሥጋ መጨመር አይደለም። ጥሩ የሽሮ ዱቄትና የተቁላላ ድልህ ለብቻ አስቀምጪ። ውኃው አንዴ ከፈላ ሽሮው በግማሽ ሰዓት ይደርስልሻል፣ ደጋሹም አያፍርም፣ አንቺም አትከስሪም።

5. ያደረ ሥጋ ለሰው አታቅርቢ።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ የሚጠብቅ ከሆነም ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ እንዲሆን ይመክራል። ቴርሞሜትር ባይኖርሽ ፍም ላይ ሆኖ እንፋሎቱ የማይቋረጥ ድስት ይበቃሻል። ወጥ የሠራችው ሴት ጥሬ ሥጋ በነካ እጇ እንጀራ አትጠቅልል። ውኃው ከቦኖ ቢመጣም አፍዪው። የሠርግ ምግብ አመመን ከተባለ ማንም ሁለተኛ አይጠራሽም፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የሚታመመው ሽማግሌና ሕፃን መሆኑ ነው።

6. ሕፃናቱን አስቀድመሽ አብዪ።

ይህን በልቤ ይዤ የኖርኩት ነው። ድግስ ላይ መጀመሪያ ካህናቱ፣ ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወንዶች፣ ከዚያ ሴቶች፤ ሕፃናት በጓሮ ሆነው የተረፈውን ይጠብቃሉ። ሲደርሳቸው መረቅና የእንጀራ ጠርዝ ነው። በ2007 ዓ.ም መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ያንን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በእኛ ከተማ ስም ሰየመው። ስማችን የተጠራው ልጆቻችን ስለተራቡ ነው። እኔ የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ስም ቀላል አይመስለኝም።

አንቺ ጓዳው በእጅሽ ስለሆነ ልታደርጊው የምትችዪው አለ። ገና ካህናቱ ሳይቀመጡ ለሕፃናቱ አንድ ትንሽ ድስት ለይተሽ አውጪ፤ ቃሪያና በርበሬ የሌለበት አልጫ ምስር ወይም ክክ፣ ፍስክ ከሆነ የተቀቀለ ዕንቁላል ጨምሪበት። ስድስት ወር ያልሞላው የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን መብላት አለበት። ለሚያጠቡ እናቶችም ከዚያው ድስት አካፍዪ። በውሉ ውስጥ «የሕፃናት ድስት» ብለሽ ጻፊው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ደጋሹም እምቢ አይልሽም። ሽማግሌ ቢቆጣሽ እኔ ነኝ ያልኩሽ በዪው።

7. አብረውሽ ለሚሠሩት በዕለቱ ክፈዪ።

የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ያፈናቀላቸው ብዙ ሴቶች ሰቆጣ ገብተው በየሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ሙያ አላቸው፣ ምጣድ የላቸውም። ቀጥሪያቸው። ክፍያቸው ትርፍራፊ እንጀራ አይሁን፤ ብር ይሁን፣ ትርፍራፊው ከላይ ይጨመርላቸው። የማገዶው ነገርም አለ፤ ተራራችን ተራቁቷል፣ እንጨት የምትለቅመው ሴትም ሩቅ ትሄዳለች። በሦስት ጉልቻ ከምትጋግሪ ምርት ምድጃ አሠሪ፤ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርድልሻል፣ ጭሱም ዓይናቸውን አያጠፋም።

8. ለለቅሶ አትነግጂ።

ሰው የሞተበት ቤት ምግብ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። እስከ ሠልስቱ ድረስ የሚጠራሽ ቢኖር እንደ ጎረቤት ሂጂ፣ ድስትሽንና ጉልበትሽን በነጻ ስጪ። ተዝካሩ ሌላ ነው፤ ለአርባ ወይም ለሰማንያ ተዘጋጅቶ የሚደገስ ስለሆነ ብትከፈዪ አያሳፍርም። እዚያም ቢሆን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ስለ ዋጋ አትከራከሪ፤ በእድሩ ዳኛ በኩል ተነጋገሪ።

የመጀመሪያ ሥራሽ ሠርግ አይሁን። የአርባ ሰው ክርስትና ወይም የሰንበቴ ተራ ፈልጊ፤ ስሕተት ቢኖር ይቅር የሚልሽ ሰው ይብላልሽ። ቀኑን ስትቆርጪ ላኪብኝ፤ ድልሁን አብሬሽ አቁላላለሁ። ትልቁ ብረት ድስት በእድራችን ዕቃ ቤት አለ። ጠዋት ወስደሽ ማታ አጥበሽ መልሺ፣ ኪራዩን ለገንዘብ ያዡ ክፈዪና ደረሰኝ ተቀበዪ።