ከዋርሶ ቼንስቶሆቫ በእግርሽ ከመነሳትሽ በፊት

ስሚኝ እህቴ፣ ስለት አለብኝና በባዶ እግሬ ልሂድ እንዳትዪ። ከዋርሶ ቼንስቶሆቫ እስካለው የያስና ጉራ ገዳም 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱ ብዙ ነው፣ ያውም በኦገስት ፀሐይ። ኦገስት 6 ተነስታችሁ 14 ላይ ትገባላችሁ፣ በማግስቱ የእመቤታችን ዕርገት ይከበራል። ዋርሶዎች ወረርሽኝ ሲፈጃቸው ተስለው በ1711 የጀመሩት ጉዞ ነው፤ ስለትሽን ለማድረስ መራመዱ ራሱ ይበቃል።

አዲስ ጫማ አትግዢ፣ እግርሽ የለመደውን ስኒከር አድርጊ። ተረከዝሽን መፋጀት ሲጀምርሽ እዚያው ከሰልፉ ወጥተሽ ካልሲሽን አውልቂና ፕላስተር ለጥፊበት። እስከሚቀጥለው ማረፊያ ልቻለው ካልሽ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ጭንቅ ነው። ትልቁን ሻንጣ መኪና ይጭንልሻል፤ ከጀርባሽ ውሃ፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስና መቁጠሪያ ይበቃሻል።

ከተነሳችሁ በማግስቱ ፍልሰታ ይገባል። የመንደሩ ሰው ደጁ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ዳቦ፣ ኬክ፣ ሾርባ ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ሾርባው ብዙ ጊዜ ሥጋ አለበት። ጾመኛ መሆንሽን ለቡድንሽ ቀድመሽ ንገሪ፣ ቆሎም ቋጥረሽ ያዢ። በዚያ ሙቀት እየተራመድሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪበት። ብቻ እጅሽን ሰብስበሽ አትለፊ። አንዲት አሮጊት ከጓሮዋ ፍሬ የቀቀለችውን ኮምፖት በብርጭቆ ስትሰጥሽ ተቀበያትና ስሟን ጠይቂያት። እነሱ መንገደኛ የሚያበሉት ገዳሙ ስትደርሺ እንድታስቢያቸው ነው።

ማዳመጫ ጆሮሽ ውስጥ አትክተቺ። መዝሙሩን ባትችዪውም አዝማቹ በሁለተኛው ቀን አፍሽ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ከካህን ጋር ከሰልፉ ፈንጠር ብሎ እየተራመደ ሲናዘዝ ታያለሽ፤ ያን ጊዜ ራቅ በዪላቸው።

ከሁሉ የምሳሳላት ግን በመጨረሻው ቀን፣ ከተማው ልትገቡ ስትሉ ያለችው የይቅርታ ኮረብታ ናት። እዚያ ተጓዡ ሁሉ እርስ በርሱ ይቅር ይባባላል። ዘጠኝ ቀን አብረሽ ስትውዪ ስትተኚ መቼም ሰው ያስመርራል፦ አንዷ ሌሊቱን ስታንኮራፋ፣ አንዱ የውሃ ወረፋ ሲያልፍብሽ። አንቺም ፊትሽን ያጠቆርሽበት ሰው አይጠፋም። አጠገብሽ የቆመውን አቅፈሽ ብቻ አትለፊ፣ የበደልሻትን ፈልጊያት። ደግሞ በደፈናው ሳይሆን ጥፋትሽን ጠርተሽ ንገሪያት፦ «ትናንት ውሃ ስትጠይቂኝ እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፌሻለሁ፤ ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በዪኝ»። አፍሽ ይተሳሰራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በዪው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ቀን እህቴ፣ እህቴ ስትባባሉ የከረማችሁት እውነት የሚሆነው ያኔ ነው።

ገዳሙ ውስጥ ካለው የእመቤታችን ስዕል ፊት ብዙ አትቆዪም፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይገፋል። ፊቷ ጠይም ነው፤ ቀኝ ጉንጯ ላይ በ1430 ገዳሙ ሲዘረፍ የተሰነጠቀው የሰይፍ ጠባሳ አለ። ትኩር ብለሽ እያየሽው የምትለምኚው ሊጠፋሽ ይችላልና የምትለምኚላቸውን ሰዎች የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ የእነዚያን ደጃፍ ላይ ያበሉሽንም ሰዎች ስም ጨምሪበት። የእማዬን ከላይ አድርጊው።