ሜትሮ ላይ ቦርሳዬን አላስፈትሽም ብል ምን ይገጥመኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኒውዮርክ ነው። የምድር ውስጥ ባቡር መግቢያ ላይ ፖሊሶች እያስቆሙ ቦርሳዬን ይፈትሻሉ። ሥራ አረፍዳለሁ፤ ሰው ፊት መፈተሹም ያሳፍረኛል። እምቢ ብል ያስሩኛል?

መልስ፦ እምቢ በማለትዎ ብቻ አይታሰሩም። ነገር ግን ቦርሳውን ይዘው አይገቡም፤ ከጣቢያው መውጣት አለብዎት። ፍተሻው የተጀመረው በሐምሌ 2005 (እ.ኤ.አ.)፣ ለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ነው። ተሳፋሪዎች ከሰው ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ይግባኝ ሰሚው ግን በ2006 ለከተማው ፈረደ። የፈረደውም ፍተሻው ፈንጂ ለመፈለግ ብቻ የተወሰነና አጭር በመሆኑ፣ ተሳፋሪውም ትቶ መሄድ በመቻሉ ነው።

ዋናው ነገር አመራረጡ ነው። ፖሊሱ አስቀድሞ በተወሰነ ቁጥር፣ ለምሳሌ በየአሥረኛው ሰው፣ መቁጠር አለበት እንጂ ፊት አይቶ፣ ነጠላ አይቶ መምረጥ አይችልም። ይህ ሲጣስ ያንገበግበኛል፤ ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ፊት አይቶ መምረጥን አይደለምና። እርስዎም በተደጋጋሚ ብቻዎን የሚመረጡ ከመሰለዎት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጣቢያውንና የፖሊሱን የደረት ባጅ ቁጥር ይመዝግቡ። ከዚያ በፖሊሶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለሚመረምረው የከተማው የሲቪል ቦርድ ያመልክቱ። እዚያው ቆመው አይከራከሩ።