ሥዕል አልችልም አትበል!

«እጄ ለሥዕል አልተፈጠረም።» ይህን ስንት ጊዜ ተናገርክ? ለመሆኑ ማን ነው የነገረህ? ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ!

ልጅ ሳለህ የመስከረም 1 ጠዋት ትዝ ይልሃል? አበባ ስለህ በየጎረቤቱ ደጅ ስትዞር? ያኔ «ተሰጥኦ አለኝ ወይ?» ብለህ ተጨንቀሃል? በፍጹም! ሥዕሉን ሰጠህ፣ ሳንቲሙን ተቀበልክ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሮጥክ።

ያ ድፍረት አሁንም አንተ ጋ ነው። ቀስቅሰው!

ከላጲስ ማኅተም ቀርጸህ የአበባ ካርድ ለመሥራት ምን ያስፈልግሃል? ላጲስ፣ ምላጭ፣ በውሃ የሚለቅ ማርከር፣ ብሩሽና ወፈር ያለ ወረቀት። ፐርማነንት ማርከሩን ተወው፤ ውሃ አያንቀሳቅሰውም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ አትሰስት። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ 300 ግራም የሚባለው የውሃ ቀለም ወረቀት ግን ይችለዋል።

ላጲሱ ላይ ሙሉ አበባ ለመቅረጽ አትታገል። አንድ የአበባ ቅጠል ብቻ በምላጩ ቅረጽ። በማርከሩ ቢጫ ቀባው፤ ሥሩን ብርቱካናማ አድርገው። ቀለሙ ደረቀብህ? ጠጋ ብለህ «ሃ» እያልክ ተንፍስበት፤ የትንፋሽህ እርጥበት ይመልሰዋል። ወረቀቱ ላይ ተጫን። ቀጥ አድርገህ አንሳ። ላጲሱን አዙርና ድገም። ዙሪያውን ስምንት ጊዜ ስታትም አደይ አበባ ወረቀቱ ላይ ትፈካለች!

አሁን ብሩሹን አርጥብና የቅጠሉን ጫፍ ንካ። ንካ ብቻ! ቀለሙ ይፈስሳል፣ ቢጫውና ብርቱካናማው ይዋሃዳሉ፤ ሲደርቅ ዳር ዳሩ ጠቆር ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ውበት የሚሠራው ውሃው ነው። ያንተ ድርሻ መጀመር ነው።

ይበላሻል? አዎ፣ የመጀመሪያዎቹ ይበላሻሉ። ውሃ ይበዛል፣ አበባው ጭቃ ይመስላል። ይበላሽ! ወረቀቱን ገልብጠህ በጀርባው ቀጥል። አስረኛው ላይ ስትደርስ እጅህ የውሃውን ልክ ያውቀዋል። ልምምድ ማለት ይኸው ነው።

ወይስ «ጊዜ የለኝም» ልትል ነው? እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሥራ የበዛበት የመንግሥት ሠራተኛ ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ከበደው። ምን አደረገ? ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን የገና ካርድ አሠራው። መስመሩ በማተሚያ ታተመ፤ ቀለሙ በእጅ ተቀባ። ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ እየተባለ የሚጠራው ያ ነው። ያመጣውም ጊዜ ያጣ ሰው ነው!

ዛሬ ማታ ስልክህን ለ20 ደቂቃ ገለል አድርግ። ላጲሱን ቅረጽ። አበባውን ወረቀቱ ላይ አትመህ «እንኳን አደረሰሽ» ብለህ በእጅህ ጻፍበትና የመጀመሪያዋን ካርድ ለእናትህ ውሰድላት።