ለማን ነው የምንጽፈው?

ለሕዝብ የሚሆን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ብዙዎቻችን የምንነሣው «ምን አውቃለሁ?» ከሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን «አንባቢዬ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ ኋላ 15 ደርሷል። ጎልማሳ በሚናገረው ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋልና ተገቢ ነበር።

ቋንቋው ብቻ ግን አይበቃም። እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ እንኳ፣ ለባኮ ገበሬ ስለ በቆሎ የተጻፈው ምክር ጊንጪ ቢወሰድ ምን ይረባል? የጊንጪው ሰው ጭንቀት ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥረው መረሬ አፈር ነው፤ ውሃውን እንዴት እንደሚያጠነፍፍ ነው ማወቅ የሚፈልገው።

የፊደሉ ነገር ደግሞ አለ። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛ ይጻፍ የነበረው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የሚማረው በቁቤ ነው። ታዲያ ጉደር ወይም ጌዶ፣ በዘመቻው ፊደል የቆጠሩ አያት የልጅ ልጃቸው የምታነበው ማስታወቂያ ሊያቅታቸው ይችላል። ማይም ናቸው እንዴ? አይደሉም እኮ! የከብት ክትባት ቀን በቁቤ ብቻ ከተለጠፈና ልጅቷ ቤት ከሌለች፣ ቀኑ ያልፋል፤ ከብቱም ሳይከተብ ይቀራል።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ዕጩ መምህራን፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት አራት ሰው ጠይቁ፤ ምን ያመርታሉ? በየትኛው ፊደል ያነባሉ? ረቂቁንም ለአንዱ አስነብቡትና በተደናቀፈበት ቃል ሥር አስምሩ። ያሰመራችሁባቸውን ቃላት ብታመጡልን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።